ሕክምናው ከታወቀ ጥናቱ ለምን ይቀጥላል?

ጥያቄ፦ በምሥራቅ ጎጃም የምኖር መምህር ነኝ። በአካባቢያችን ብዙ ገበሬ በእግር ዝሆኔ ይሠቃያል። እግርን መታጠብና ጫማ ማድረግ ሕመሙን እንደሚያቀል ከታወቀ፣ ገንዘቡ ለሳሙናና ለጫማ በመዋል ፈንታ እንደገና ለጥናት የሚመደበው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ቅሬታዎ ተገቢ ነው። ሕክምናው እንደሚሠራ የተረጋገጠው እዚያው በምሥራቅ ጎጃም፣ 696 ሕሙማን በተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ነው። መታጠብን፣ ቅባትን፣ ፋሻንና ጫማን ያካተተውን እንክብካቤ ወዲያውኑ ባገኙት ሕሙማን ዘንድ፣ ትኩሳት እያስከተለ አልጋ ላይ የሚጥለው የእግር መቆጣት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲከሠት፣ ተራቸውን ይጠብቁ በነበሩት ዘንድ 23.9 ጊዜ ተከሥቷል።

ይህን እንክብካቤ የሰጠው ግን ለጥናቱ የተደራጀ ቡድን ነበር። ቡድኑ ሲሄድ በጤና ጣቢያው ማን ያስተምራል? ፋሻው ሲያልቅ ከየትኛው በጀት ይተካል? ውኃ ከሩቅ የምትቀዳ እናትስ እግሯን በየቀኑ እንዴት ትታጠባለች? በአዊ ጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ፣ በእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም የገንዘብ ድጋፍ የተካሄደው ሌላው ጥናት የመረመረው ይህንኑ ነው፤ ለእግር ዝሆኔና ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚሰጠውን እንክብካቤ፣ ከአእምሮ ጤና ድጋፍ ጋር አጣምሮ፣ በመንግሥት ጤና ተቋማት መደበኛ አገልግሎት ውስጥ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ፈትሿል።

ጫማውም ቢሆን በግዢ ብቻ አያልቅም፤ በጣም ያበጠ እግር ገበያ ላይ ያለው ጫማ ስለማይገባው፣ በልኩ የሚሰፋለት ባለሙያና ቋሚ በጀት ያስፈልገዋል።