ቫልቭ ሲል ከመግዛትህ በፊት ጋይዱን አስለካ

ወንድሜ፣ «ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ስላለው ሞተሩን አውርጄ እያደስኩ ነው፤ ቫይተን የሚባለውን የቫልቭ ሲል ልግዛ ወይስ ተራው ጎማ ይበቃል?» ብለህ ጠይቀሃል። ብዙው ሰው «ቫይተን ግዛና ተገላገል» ብሎሃል። እኔም የራሴን ሞተር ሳሳድስ የተባልኩት ይህንኑ ነበር። ቴስታታዬ (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) ሁለት ጊዜ ወረደ። ትንሽ ረዘም ቢልም ታገሰኝ። ለማያውቀው፦ ሲል የቫልቩን ዘንግ አቅፎ ዘይት የሚመጥን ትንሽ ጎማ ነው፤ ጋይድ ደግሞ ዘንጉ የሚመላለስበት ቱቦ ነው።

1. የጎማው ዓይነት። ናይትራይል የሚባለው ተራው ጎማ ሙቀቱ 120 ዲግሪ ገደማ ካለፈ እየደረቀ ይሰነጠቃል። ቫይተን 200 ዲግሪ ይችላል። የጭስ ማውጫ ቫልቭ አካባቢ ደግሞ እሳት ነው። ስለዚህ ቫይተን ግዛ፣ በዚህ አንከራከርም። ቴፍሎኑን ግን የውድድር ሞተር ካልሆነ ተወው። ዘይቱን ሙልጭ አድርጎ ይጠርግና ጋይዱን ያደርቀዋል።

2. የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ ቫልቭ ሲል በብዙ ሞተር ላይ አንድ አይደለም። በመግቢያው በኩል ሞተሩ አየር ሲስብ ዘይቱንም አብሮ ይስባል። በመውጫው በኩል ሙቀቱ ስለሚበዛ የቫልቩ ዘንግ ትንሽ ዘይት ማግኘት አለበት። አምራቾች በቀለም ይለዩታል፤ ቀለሙ ግን ከአምራች አምራች ይለያያል። አንዱ ለመግቢያ ያደረገውን ቀለም ሌላው ለመውጫ ሊያደርገው ይችላል። «አረንጓዴው የመግቢያ ነው» የሚልህን አትስማ፣ እሽጉ ላይ ያለውን አንብብ። እኔ እዚህ ላይ አልተሳሳትኩም። ሁለት ሜካኒኮች ሲከራከሩኝ ወረቀቱን ዘርግቼ ዝም አሰኝቻቸዋለሁ። ይህን ያነሳሁት ለጉራ ነው፣ አልዋሽህም።

3. ጋይዱ። እኔን የበላኝ ይሄ ነው።

ቴስታታውን ተሸክሜ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። «ጋይዶቹን ለካልኝ» አልኩት። ሰውዬው አንዱን ቫልቭ ከፍ አድርጎ በጣቱ ነቅነቅ አደረገና «ምንም አልሆነም፣ ውሰደው» አለኝ። «በመለኪያ ብታየው?» አልኩ፣ በትህትና። «20 ዓመት በጣቴ ሳይ ኖሬአለሁ፣ ዛሬ አንተ ልታስተምረኝ ነው?» ብሎ ሰው ፊት ጮኸብኝ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። አፈርኩና ቴስታታዬን አንስቼ ወጣሁ። ያን ቀን እዚያው ቆሜ «ለካ!» ማለት ነበረብኝ። አሁን ድረስ ሳስበው ያንገበግበኛል።

አዲሱን ቫይተን ገጠምኩ። መጀመሪያ ላይ ሞተሩ እንደ ልብ ነበር። ጠዋት ሲነሳ ጭስ የሚባል የለም። ጓደኞቼን እየጠራሁ አሳየሁ። ሦስተኛው ወር ላይ አንድ ረጅም ቁልቁለት ነዳጅ ለቅቄ፣ በማርሽ ይዤ ወረድኩ። ታች ደርሼ ነዳጅ ስረግጥ በስፖኪዮው ኋላዬ የታየኝ ሰማያዊ ደመና ነው።

«የፒስተኑ ፋሻ (ሪንጉ) ነው» አሉኝ። ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) አስለካሁ፣ አራቱም ሲሊንደር ደህና። እንደገና ቴስታታ ወረደ። ሌላ ባለሙያ በመለኪያ ሲያየው በመግቢያ ቫልቮቹ ዘንግና በጋይዱ መካከል ያለው ክፍተት 0.12 ሚሊሜትር ደርሷል። የኔ ሞተር መጽሐፍ የሚለው አዲስ ሲሆን ከ0.025 እስከ 0.060፣ ቢበዛ ቢበዛ 0.08 ነው። ለመውጫው እስከ 0.10 ይፈቅዳል። ቫልቩ በሰፋ ጋይድ ውስጥ በተወዛወዘ ቁጥር የሲሉን ከንፈር ወደ ጎን እየገፋ በልቶታል። ሲሉን አውጥቼ ሳየው ክቡ ቀዳዳ ሞላላ ሆኗል። ሲል ዘይት ይመጥናል እንጂ ዘንግ ቀጥ አድርጎ አይዝም። ቫይተንም ሆነ ሌላ፣ እንዲህ ባለ ጋይድ ላይ ዕድሜ የለውም።

ጋይድ ሲቀየር ደግሞ በዚያ አያበቃም። አዲሱ ጋይድ ከአሮጌው መሃል ትንሽም ቢሆን ፈቀቅ ስለሚል የቫልቭ መቀመጫው እንደገና መቆረጥ አለበት። ከዚያ አዲስ ሲል፣ አዲስ የቴስታታ ጋስኬት። ያው ሥራ ሁለት ጊዜ ተከፈለበት። ሁሉም በአንድ ጣት ነቅነቅ።

ተራ ቁጥሩን ልተወው፣ የቀረው ስለ አገጣጠሙ ነው። ቫልቮቹን ከመቀመጫቸው ጋር የምታፋጭ ከሆነ ሲሉ ከመግባቱ በፊት ጨርሰህ በደንብ እጠብ፤ የማፋጫው ክሬም ከቀረ አዲሱን ጋይድ ይበላዋል። ከቫልቩ ሞላ (ስፕሪንግ) ሥር የሚቀመጠውን ሮንዴላም ከሲሉ በፊት አስቀምጥ። ብዙ ሰው ይረሳውና ሲሉን መልሶ ይነቅላል። የተነቀለ ሲል ደግሞ አይመለስም፣ ይጣላል። የቫልቩ ጫፍ ላይ ያለው ጎድጓዳ መስመር ከንፈሩን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል፤ አብሮ የሚመጣውን ፕላስቲክ አልብሰው፣ ከሌለ ስስ ቴፕ ጠቅልልበትና ዘይት ቀብተህ አሳልፍ። በመዶሻ አትምታ፣ በልኩ ቱቦ ግፋው።

ለመግዛት ስትሄድ የመኪናውን ስም ሳይሆን የሞተሩን ኮድ ይዘህ ሂድ። አንድ መኪና ብዙ ዓይነት ሞተር አለው። የዘንጉንም ውፍረት በማይክሮሜትር ለካ፤ 6 እና 7 ሚሊሜትር ለዓይን ብዙም አይለዩም።

ሲሉን ገና አልገዛህ ከሆነ ነገ ቴስታታውን ይዘህ ውጣና አስለካ። የመግቢያውንና የመውጫውን ቁጥር ለየብቻ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን። በጣቱ የሚያይ ሰው ካጋጠመህ ግን ቴስታታህን አንሳና ሂድ።