ኬክ ይቆረሳል ወይስ ይቆረጣል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። ለእህቴ ሠርግ የጥሪ ወረቀት ስናሳትም «ኬክ የሚቆረስበት ሰዓት» ብለን ጽፈን ሰጠን። አታሚው ግን «የሚቆረጥበት» ብሎ አረመው። ምክንያቱን ስንጠይቀው «በእጅ የሚቆረሰው እንጀራ ነው፤ ኬክ በቢላዋ ነው። እንግሊዞችም ‹ከት› ነው የሚሉት» አለን። ማንኛችን ነን ልክ?

መልስ፦ እናንተ ናችሁ። አታሚው ያቀረበው ምክንያት ሲሰሙት ያሳምናል፤ ድፎ ዳቦን እስኪያስታውሱ ድረስ ነው እንጂ። ድፎ ዳቦ ያለ ቢላዋ አይደፈርም። እዚያው ወሎ ውስጥ፣ በዒድም ሆነ በገና ጎረቤት ተጠራርቶ ሲሰበሰብ፣ አንዱ ቤት «ቢስሚላህ»፣ ሌላው ቤት «በስመ አብ» ተብሎ ቢላዋው ይነሣል። ያን ጊዜ ዳቦው «ተቆረሰ» ይባላል እንጂ «ተቆረጠ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ቢላዋው ዳኛ ሊሆን አይችልም።

«ቆረጠ» የሚለው አንድ ነገር ከሌላው መለየቱን ብቻ ነው። ገመድ ይቆረጣል፣ እንጨት ይቆረጣል፣ ለምረቃ የሚዘረጋ ሪባን ይቆረጣል፣ ተስፋም ይቆረጣል። «ቆረሰ» ግን ከመለየቱ ባሻገር ተቀባይ ይፈልጋል፤ የሚቆረሰው ለሚበላ ሰው ነው። ልዩነቱን ከምግብ ውጪም ማየት ይቻላል። ከደመወዝዎ ዕዳ ሲነሣ «ከደመወዜ ተቆረጠ» ይላሉ። ከዚያው ደመወዝ ለወንድምዎ ሲያካፍሉ ግን «ከደመወዜ ቆርሼ ሰጠሁት» ነው። መሬትም እንዲሁ ነው፤ አባት ለልጁ ጎጆ መውጫ ከይዞታው «ቆርሶ» ይሰጠዋል። ስሞቹም ተለያይተው ይኖራሉ፦ የጨርቅና የወረቀት ቁራጭ አለ፣ የእንጀራና የዳቦ ግን ቁራሽ ነው። «ቁርስ» ራሱ ከዚሁ ግስ የወጣ ነው። «የቡና ቁርስ» የሚለውን ልብ ይበሉ፤ አቦሉ ከሰዓት በኋላ ቢቀዳም፣ የቀረበው የማይቆረስ ቆሎ ቢሆንም ያው ቁርስ ነው።

«ሥጋስ? ሥጋም ለሰው ይካፈላል፤ ግን ይቆረጣል እንጂ አይቆረስም» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ክርክሩ ተገቢ ነው። መካፈል ብቻውን አይበቃም፤ «ቆረሰ» በምግብ ላይ ሲውል የሚመርጠው ከእህል ተጋግሮ የወጣውን ነው፦ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቂጣ፣ አምባሻ። ኬክ ደግሞ ስሙ ባዕድ ቢሆንም ከዱቄት የተጋገረ፣ ለእንግዳ የሚታደል ነገር ነው። የቆየው ከተሜ ከጣሊያንኛ ወስዶ «ቶርታ» ሲለውም ግሱን አብሮ አላስመጣም።

የእንግሊዝኛው ማስረጃ ደግሞ አታሚውን ራሱን ይጥለዋል። እንግሊዝኛ ኬክን «ከት» ይላል፤ ዳቦን በእጅ ቆርሶ አብሮ መብላትን ግን «ብሬክ» ይለዋል። ይኸው «ብሬክ» ብርጭቆንና አጥንትንም ይሰብራል። እሱን ተከትለን እንሂድ ካልን ነገ «ዳቦውን ሰበረ» ልንል ነው። እያንዳንዱ ቋንቋ ግሶቹን በራሱ መንገድ ይከፋፍላል፤ የአንዱን ድንበር ወስዶ በሌላው ላይ ማስመር ትርፉ ግራ መጋባት ነው።

ይህ ማለት ግን «ኬክ ቆረጠ» የሚል ሁሉ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ነገሩ ስለ አከፋፈሉ ሲሆን «ቆረጠ» ያምራል፤ «ኬኩን በስምንት ቆረጠችው» ቢባል እርሳስ አላነሣም። ዳቦ ቤት ውስጥም ዳቦ በማሽን ሲቆራረጥ ገና ለማንም አልታደለምና «ተቆረጠ» ቢሉት ልክ ነው። የሠርጉ ኬክ ግን ሙሽሮቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ መጀመሪያ እርስ በርስ ተጎራርሰው፣ ቀጥሎ ለእንግዳ የሚያድሉት ነው።

ስለዚህ አታሚው በጥሪ ወረቀቱ ላይ «የሚቆረስበት» የሚለውን እንዲመልስላችሁ ንገሩት። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ «ኬክ የሚቆረስበት ሰዓት፦ 9 ሰዓት» ብሎ ሰዓትን ሁለት ጊዜ ከመጻፍ፣ «ኬክ የሚቆረሰው በ9 ሰዓት ነው» ቢባል ቦታም ይቆጥባል።