ቦርዱ ሲቀየር ሊብሬው ወዴት ይሄዳል?

የኮምፒውተር ጥያቄዎቻችሁ

ጅማ ላይ ክረምት ሲበረታ የእኔ ሱቅ ሥራ አይፈታም። መብራት ይሄዳል፤ ሲመለስ ኃይሉ ከልክ አልፎ ይመጣል፤ የኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ፣ ማዘርቦርዱ፣ ይቃጠላል፤ ቦርድ ይቀየራል። ከዚያ ዊንዶውስ የገዛ ባለቤቱን «አላውቅህም» ይላል። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የዚህ ጣጣ ልጆች ናቸውና የአታሚና የዋይፋይ ጥያቄ የላካችሁ ለሚቀጥለው እትም ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ አቅራቢያ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ እሠራለሁ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዴስክቶፔ አልነሳ አለ። ባለሙያው ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ብሎ ከሌላ አሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ተመሳሳይ ቦርድ ገጠመልኝ። ሃርድ ዲስኩ የቀድሞው ስለሆነ ፋይሎቼ በሙሉ አሉ። ነገር ግን በስክሪኑ ቀኝ ጥግ «ዊንዶውስን አክቲቬት ያድርጉ» የሚል ጽሑፍ መጥቶ አልጠፋ አለ፤ ውስጥ ስገባ ሲ004ኤፍ211 የሚል መለያ ያሳያል። ዊንዶውሱ 10 ፕሮ ነው። ባለሙያው «ፎርማት እናድርገው» ይላል፤ የወንድሜ ልጅ ደግሞ «ፈቃዱን የሚያልፍ ክራክ እጭንልሻለሁ» ይላል። የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ በሙሉ እሱ ላይ ነው። ይዘጋብኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዘጋብዎትም። ፈቃዱ ያልተረጋገጠ ዊንዶውስ 10 ይነሳል፣ ፋይል ይከፍታል፣ ያትማል፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን በጥቅምት 2018 ዓ.ም. እስኪያቆም ድረስ የደኅንነት ማሻሻያም አይከለከልም ነበር። የሚነፍግዎት የጀርባ ምስልና ቀለም ከሴቲንግስ የመቀየርን መብት ነው፤ ከዚያ ውጪ ያ ጽሑፍ ጥግ ላይ ቆሞ ያፈጥብዎታል። ስለዚህ ሥራዎን ሳያቋርጡ ነገሩን በእርጋታ መፍታት ይችላሉ።

ፎርማት ግን እንዳያስደርጉ። በከተማችን ላለው የኮምፒውተር በሽታ ሁሉ ፎርማት እንደ ጸበል ሲታዘዝ ማየት ሰልችቶኛል። የእርስዎ ችግር ዲስኩ ላይ አይደለም። ፎርማት ቢያስደርጉ ፓወር ግዕዝን እንደገና መጫን፣ የአታሚውን ድራይቨር ከያለበት መፈለግ፣ የመመረቂያ ጽሑፎቹን ገልብጦ መመለስ ይጠብቅዎታል፤ ይህ ሁሉ አልቆ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያ ጽሑፍ እዚያው ጥግ ላይ ይኖራል።

ምክንያቱን ላስረዳ። ማይክሮሶፍት ፈቃድዎን የመዘገበው በዋናነት በማዘርቦርዱ ማንነት ነው። የባጃጅን ጎማ፣ ወንበርና መስታወት ቢቀይሩ ሊብሬው ያው ነው፤ ሻንሲውን ከቀየሩ ግን ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥርና ባጃጁ ላይ ያለው አይገጥሙም። ሲ004ኤፍ211 የሚለው መለያም ይህንኑ ነው የሚናገረው፦ የዚህ ኮምፒውተር አካል ተቀይሯል።

ማንኛውንም ነገር ከመነካካትዎ በፊት ቀኑን ይመልከቱ። የተነቀለ ቦርድ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ፣ 2032 የምትባለው፣ ብዙ ጊዜ ደክማ ነው የምትመጣው፤ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይሸሻል። ቀኑ የተዛባ ኮምፒውተር ደግሞ ከማይክሮሶፍት አገልጋይ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ጋር መነጋገር ያቅተዋል፤ የዲጂታል ምስክር ወረቀቶቹ ገና ያልወጡ ወይም ያለፈባቸው ይመስሉታል። እኛ አገር ሌላም ነገር አለ። ቀኑ ሲጠፋ ባለቤቱ በእኛ አቆጣጠር ዓመተ ምሕረት ያስገባለታል፤ ኮምፒውተሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። በሱቄ አክቲቬሽን እምቢ አለ ተብለው ከመጡት መካከል ዓመቱን አስተካክዬ፣ የአንዲት ባትሪ ዋጋ ብቻ ተቀብዬ የሸኘኋቸው አሉ። ቀኑ በፈረንጆቹ፣ ሰዓቱም በእነሱ አቆጣጠር ይሁን፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት 9 ተብሎ ይገባል። የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ ያድርጉት፤ ከእኛ ጋር አንድ ነው።

ቀኑ ደኅና ከሆነ ቀጥሎ የፈቃዱን ዓይነት ማወቅ ነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከአር ጋር ይጫኑ፤ በሚከፈተው ሳጥን ኤስ ኤል ኤም ጂ አር የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት አያይዘው ይጻፉ፣ አንድ ክፍት ቦታ ይተዉ፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ ጭረት ያድርጉ፣ ዲ ኤል አይ ብለው ጨርሰው ኢንተርን ይምቱ። ትንሽ መስኮት ትመጣለች። በውስጧ ኦኢኤም የሚል ካለ ዊንዶውሱ ከፋብሪካ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ ነው። ቮልዩም የሚል ካለ የድርጅት ነው፤ ያ ከሆነ የሚቀጥለውን ጥያቄ ያንብቡ። ሪቴይል የሚል ካለ ለብቻው የተገዛ፣ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሊዛወር የሚችል ፈቃድ ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» ያልኩት በምክንያት ነው፤ እዚያው መስኮት ላይ የሚታዩት የዊንዶውሱ የፈቃድ ቁልፍ የመጨረሻ አምስት ፊደላት 3ቪ66ቲ ከሆኑ፣ ያ በዲጂታል ፈቃድ፣ ማለትም ማይክሮሶፍት ዘንድ በተመዘገበ ፈቃድ፣ የሚሠራ ዊንዶውስ 10 ፕሮ ሁሉ የሚይዘው የወል ቁልፍ ስለሆነ ስለ ባለቤትነት የሚመሰክረው ነገር የለም። የእርስዎ ያ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።

እንዲህ ከሆነ ተስፋዎ ያለው አካውንት ላይ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ዊንዶውስ 10 ዲጂታል ፈቃዱን ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ማሰር ይችላል። ቦርዱ ከመቃጠሉ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት የገባ ሰው ነበር? ኮምፒውተሩን መጀመሪያ ያዘጋጀው ያ የወንድምዎ ልጅ ከሆነ፣ ክራኩን ይተውና በየትኛው ኢሜይል እንዳዘጋጀው ያስታውስ፤ የሚጠቅምዎት ያ ነው። ኢሜይሉና የይለፍ ቃሉ ከተገኘ ወደ ሴቲንግስ፣ ከዚያ አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ አክቲቬሽን ይግቡና ትራብልሹት የሚለውን ይጫኑ። «በቅርቡ የዚህን ኮምፒውተር አካል ቀይሬአለሁ» የሚል ምርጫ ይሰጥዎታል፤ በአካውንቱ ሲገቡ የኮምፒውተሮች ዝርዝር ይመጣል፤ የድሮውን ስም መርጠው አሁን የሚጠቀሙበት እሱ መሆኑን አረጋግጠው አክቲቬት ይበሉ። የሱቁ ኢንተርኔት የሚቆራረጥ ከሆነ ለዚያች ቅጽበት የስልክዎን ዳታ ይጠቀሙ። የሚገቡበት ተጠቃሚ የአድሚኒስትሬተር ሥልጣን ያለው ይሁን።

አካውንት ካልነበረ አሁን ቢከፍቱ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። ያን ጊዜ ትኩረቱ ወደ አዲሱ ቦርድ ይዞራል። ከ2005 ዓ.ም. ማለትም ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ትልልቆቹ አምራቾች ቁልፉን ወረቀት ላይ መለጠፍ ትተው ቦርዱ ውስጥ ይጽፉታል። የተገጠመልዎት ቦርድም የራሱን ቁልፍ ይዞ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ቁልፍ የሆም ከሆነና ዲስክዎ ላይ ያለው ፕሮ ከሆነ ሁለቱ አይተዋወቁም። ባለሙያው ፎርማት ከማሰቡ በፊት በቦርዱ ውስጥ የተጻፈውን ቁልፍ አንብቦ የየትኛው ሥሪት እንደሆነ ይንገርዎ። ይህን ማድረግ ካልቻለ ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ።

በኮምፒውተሩ ጎን የተለጠፈ የዊንዶውስ 7 ወረቀት ካለ ደግሞ ብዙ አይመኩበት። ድሮ ያን ባለ 25 ፊደል ቁልፍ አስገብቶ ዊንዶውስ 10ን ማስነሳት ይቻል ነበር፤ ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ማይክሮሶፍት ያን በር ዘግቶታል።

ማይክሮሶፍት በራሱ ደንብ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣን ፈቃድ ወደ ሌላ ማሽን ማዛወር አይፈቅድም፤ ነገር ግን ቦርዱ የተቀየረው በብልሽት ከሆነና የተተካውም ያው ሞዴል ወይም አምራቹ አቻ ብሎ የተቀበለው ከሆነ አዲስ ፈቃድ ግዙ አይልም። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ካልሠራ የድጋፍ ክፍላቸውን በጽሑፍ ያነጋግሩ፤ ቦርዱ መቃጠሉንና በዚያው ሞዴል መተካቱን ይግለጹ። የቀድሞውን ዊንዶውስ ከየት እንዳገኙት ማስረጃ ካለዎት ያቅርቡ። ከሌለዎት ምናልባት አዲስ ፈቃድ ከመግዛት አያመልጡም።

ክራክን በተመለከተ፦ እነዚያ ፕሮግራሞች ሲጫኑ መጀመሪያ የሚጠይቁት ጸረ ቫይረሱን እንዲያጠፉላቸው ነው። በየቀኑ የሃምሳ ተማሪ ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒውተር ላይ ጸረ ቫይረስ አጥፍቶ ምንጩ ያልታወቀ ፕሮግራም ማስገባት የጥግ ጽሑፍ ለማጥፋት የሚከፈል ዋጋ አይደለም። በቴሌግራም በርካሽ የሚሸጡ ቁልፎችም ብዙውን ጊዜ ለብዙ ሰው የተሸጠ የአንድ ድርጅት ቁልፍ ናቸው፤ ለጥቂት ጊዜ ይሠሩና ታግደው ሲ004ሲ003 የሚል መለያ ይዘው ይመጣሉ።

ጥያቄ፦ እሠራበት የነበረው ፕሮጀክት ሲዘጋ ላፕቶፑን አበርክተውልኝ ነበር። ራሙን ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት አሳደግሁ። ጥቂት ቆይቶ አክቲቬሽኑ ጠፋ፤ መለያው ሲ004ኤፍ074 ነው። አዲሱን ራም ባወጣውም አልተመለሰም። ራሙ ነው ያበላሸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ራሙን መልሰው ያስገቡት፤ ጥፋት የለበትም። ራም መጨመር ብቻውን ፈቃድ አያስነጥቅም።

የእርስዎ ላፕቶፕ ፈቃዱን ያገኝ የነበረው በፕሮጀክቱ ቢሮ ውስጥ ከነበረ አገልጋይ ነው። እንዲህ ያለ ፈቃድ ለ180 ቀናት ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩም በየ7 ቀኑ አገልጋዩን እየፈለገ ያሳድሰዋል። ቢሮው ሲዘጋ አገልጋዩም አብሮ ተዘጋ፤ ላፕቶፑ የቀረችውን ቀን እየቆጠረ ቆይቶ 180ው ሲያልቅ ቆመ። ራሙን የገዙት ከዚያ ቀን ጋር በተቀራረበ ጊዜ ሆኖ ነው። ሲ004ኤፍ074 ማለትም አገልጋዩን አጣሁት ማለት ነው።

ደስ የሚለው፣ ለመሥሪያ ቤት የሚገዙ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ቦርዳቸው ውስጥ የፕሮ ቁልፍ አላቸው፤ ድርጅቱ የራሱን ሥሪት ከላይ ስለጫነበት ተኝቶ ነው የቆየው። ከላይ ፎርማትን ስራገም አንብበው ከሆነ አሁን ይገረሙ ይሆናል፤ ለእርስዎ ግን የማዝዘው እሱን ነው። ፋይሎችዎን በሌላ ዲስክ ይገልብጡ፤ ከማይክሮሶፍት ገጽ የወረደ ንጹሕ ዊንዶውስ ያስጭኑ። ጫኙ በቦርዱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ራሱ አንብቦ ሥሪቱን ይመርጣል፤ ኢንተርኔት ሲያገኝም ይረጋገጣል። ሲያበረክቱልዎት የሰጡዎት ደብዳቤ ካለ አይጣሉት።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። የላፕቶፔን ሃርድ ዲስክ በኤስ ኤስ ዲ ልቀይር ነው። አዲስ ዊንዶውስ መግዛት አለብኝ?

መልስ፦ የለብህም፣ ልጄ። ቦርዱ ያው ስለሆነ ፈቃድህም ያው ነው። አዲስ የምትጭን ከሆነ ቁልፍ ሲጠይቅህ «የለኝም» በለውና እለፍ፤ ብቻ ሥሪቱን አታሳስት፤ ሆም የነበረውን ፕሮ ብታደርገው እምቢ ይልሃል። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ግን ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዳቆመ እወቅ። ፈቃድህ አይነካም፤ ማሻሻያው ነው የሚቀርብህ። ላፕቶፕህ ዊንዶውስ 11ን የሚችል ከሆነ ኤስ ኤስ ዲው ላይ በቀጥታ እሱኑ ጫን፤ የ10 ፈቃድህ ለ11ም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ከአጋሮ ነው የምጽፈው። ቡና ነጋዴ ነኝ። ላፕቶፔን ጅማ ወስጄ ቦርድ አስቀየርኩ። አሁን ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ መጥቶ 48 አሃዝ ያለው ቁጥር አስገባ ይለኛል። የሦስት ዓመት ሒሳቤ እዚያ ውስጥ ነው። ይህም የአክቲቬሽን ጉዳይ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ከእሱ የከበደ ነው። ዲስክዎ ቢትሎከር በሚባለው ተመስጥሯል። መክፈቻው ያለው በድሮው ቦርድ ላይ ባለች የደኅንነት ቺፕ ውስጥ ነበር፤ አዲሱ ቦርድ አያውቀውም። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ይህ የሚበራው ባለቤቱ ሳያውቀው፣ በማይክሮሶፍት አካውንት በገባ ጊዜ ነው። ያ ከሆነ ቁጥሩም እዚያው አካውንት ውስጥ ተቀምጧል። በስልክዎ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንትዎ ይግቡ፤ በኮምፒውተሮቹ ዝርዝር ሥር የማገገሚያ ቁልፍ የሚል ያገኛሉ። ሰማያዊው ገጽ ላይ የቁልፉ መለያ ተጽፏል፤ ከእሱ ጋር የሚገጥመውን መርጠው በስድስት በስድስት የተከፈሉትን ስምንት ክፍሎች ያስገቡ። አካውንቱን የከፈተልዎት ሌላ ሰው ከሆነ እሱን ይጠይቁ።

ቁጥሩ ካልተገኘ «እሰብረዋለሁ» ለሚል ሰው ገንዘብ አይስጡ፤ አይሰበርም። የሚቀርዎት አንድ መንገድ የተበላሸውን የቀድሞ ቦርድ አስጠግኖ ለአንድ ቀን እንኳ ቢሆን ማስነሳትና ሒሳቡን መገልበጥ ነው። ስለዚህ ቦርዱን የቀየረልዎት ባለሙያ አሮጌውን አፍርሶ ክፍሎቹን ሳይሸጥ ዛሬውኑ ይደውሉለት፤ ዲስኩንም ማንም ፎርማት እንዳያደርገው ይንገሩት።