«ማኅተም አስመቺልኝ» ይለኛል

ሰላም ጋሼ፣

ከጅማ፣ ከሄርማታ ነው የምጽፍልዎ። ታናሽ ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው ያለው፣ እኔው እጅ ላይ ያደገ ልጅ ነው። ሰሞኑን ግን አስመርሮኛል። እሱ ከሥራ ሲወጣ እዚህ እኩለ ሌሊት ነው፣ ስልኬ አያርፍም። ካላነሳሁለት እናታችን ጋ ይደውላል፣ እሷ ደግሞ ገና ቡናው ሳይፈላ «ልጄን አስከፋሽው» ብላ ትነሳብኛለች። የመንግሥት ምስጢር ያለበት ሥራ አግኝቶ የደኅንነት ፈቃድ ፎርም ሞልቷል። የዛሬ አራት ዓመት ለእረፍት መጥቶ እዚሁ ጅማ መርካቶ ተደባድቦ፣ የሰው እጅ ሰብሮ ሦስት ወር ታስሯል። ፎርሙ ላይ «ተፈርዶብኝ አያውቅም» አለ። ለዜግነቱ ሲያመለክት እንኳ ጽፎት ነበር፣ ያኔ ምንም አላሉትም። ከተጎዳው ልጅ ጋርም በሽማግሌ ታርቋል፣ ማሳከሚያውን ከፍሏል። አሁን በቴሌግራም ደብዳቤ አርቅቆ ላከልኝ። «ከማንኛውም ወንጀል ነፃ መሆኑን እናረጋግጣለን» ይላል፣ ከሥሩ ለፊርማና ለማኅተም ቦታ ትቶለታል። ባለቤቴ ቀበሌ ነው የሚሠራው። እምቢ ብል የወንድሜን እንጀራ የዘጋሁት እኔ ልሆን ነው? ባሌን ልለምነው?

መልስ

እህቴ፣ ባልሽን እንዳትለምኚው። በሐሰት ደብዳቤ እሱም ሥራውን ያጣል፣ ይታሰራልም።

ለዜግነቱ ጽፎት ነበር ብለሽ እንደዋዛ አለፍሽው እንጂ ዋናው ነገር እሱ ነው። እነዚያ መርማሪዎች የዜግነቱንም መዝገብ ያያሉ። ስለዚህ ወንድምሽ የሚክደው ራሱ በፊርማው ያመነውን ነው፣ የባልሽ ማኅተም ደግሞ ክህደቱን በሁለት ሰው ያደርገዋል።

አሜሪካኖቹ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠሩበት መመሪያ 13 መመዘኛ አለው። ወንጀል አንዱ ነው፣ ግን ብቻውን በር አይዘጋም። ስንት ጊዜ ሆነው፣ ደገመው ወይ፣ የበደለውን ካሰ ወይ ብለው ይመዝናሉ። ውሸት ራሱን የቻለ ሌላ መመዘኛ ነው፣ እኔም ብሆን የምፈራው እሱን ነው፤ ምስጢር የሚሰጡት ሰው ስለ ራሱ እውነቱን ካልተናገረ በምን ያምኑታል? እዚያ ፎርም ላይ አውቆ መዋሸት ደግሞ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ነገር ግን መርማሪ ሳያፋጥጠው በፊት በራሱ ፈቃድ ካረመ ያ ይታሰብለታል። ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳይል ጠበቃ ያናግርና ያርመው።

ደግሞ ተናድጄበታለሁ። ያሳደገችውን እህቱን በእናቷ እያስጨነቀ የባሏን እንጀራ አስይዢልኝ ማለት ምን የሚሉት ነው? አንቺ በሩን የዘጋሽ መስሎሻል። ያንን ፎርም የሞላው እኮ እሱ ነው።

መርዳት ከፈለግሽ የሚረዳው ወረቀት ጅማ ውስጥ አለ። የፍርዱን ግልባጭ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አውጪለት። ሽማግሌዎቹ ዕርቁን በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። የተጎዳው ልጅም ታርቄያለሁ፣ ማሳከሚያዬን ከፍሎኛል ብሎ ቢፈርምልሽ ትልቅ ነገር ነው። በእንግሊዝኛ አስተርጉመሽ ላኪለት። ለእናትሽም ቁጭ ብለሽ አስረጃት፣ እስካሁን የሰማችው የእሱን ወገን ብቻ ነው።