ተማሪዎቼ የወደዱትን ጥቅስ ለምን እንደወደዱት መናገር አቃታቸው

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ፣ መሐል ሜዳ ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ወር የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የሚወዱትን አንድ ጥቅስ ይዘው እንዲመጡና ለምን እንደወደዱት ለጓደኞቻቸው እንዲያስረዱ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። አብዛኞቹ በውጭ አገር ታላላቅ ሰዎች ስም የተጻፈ አባባል ከስልክ ገልብጠው መጡ። «ለምን ወደድከው?» ስላቸው ግን «ስለሚያስተምር» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራቸውም። ጥፋቱ የእነርሱ ነው ወይስ የእኔ አጠያየቅ? ምሳሌያዊ አነጋገርስ እንደ ጥቅስ ሊቆጠር ይገባዋል?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ተማሪዎችዎ ያጠፉት ነገር ያለ አይመስለኝም። አንድ ቃል ከተናጋሪው ኑሮ ጋር ገና ካልተገናኘ ስለ እርሱ የሚነገር ነገር አይኖርምና፣ ልጁ «ስለሚያስተምር» ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። ስለዚህ «ለምን ወደድከው?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው አቆይተው፣ «መጀመሪያ ከማን አፍ ሰማኸው? ያን ጊዜ ምን እየሠራችሁ ነበር?» ብለው ቢጀምሩ የተሻለ መልስ ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምለው ከራሴ አይቼ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ባውቀውም ድሩ የሸረሪት ድር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ብዙ ሰውም ዛሬ ድረስ የሚረዳው እንደዚያው ነው። አያቴ በእናንተው አገር በመንዝ የበግ ጠጉር ይፈትሉ ነበር። አንድ ክረምት ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው እንዝርት ሲያሾሩ፣ የተፈተለውን ክር በጣቴ ጠምጥሜ ብስበው ወዲያው ተበጠሰብኝ። አልተቆጡኝም። ሦስት ክር አንድ ላይ ገመዱና «በል አሁን ሳብ» አሉኝ፤ እንደ ምንም ብስበውም ጣቴን ሸረከተኝ እንጂ አልተበጠሰም። «ድር ቢያብር የሚባለው ይኼ ነው ልጄ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ለካ በሸማኔ ቤት ድር ማለት በቁመት የሚወጠረው ክር፣ ማግ ማለት ደግሞ በአግድም የሚገባበት ክር ኖሯል፤ የመንዝን ቁር የሚመክተው ባናም የሚሠራው ከሁለቱ ነው። ከሸረሪቱና ከሸማኔው የትኛው ቀዳሚ ነው ብዬ አልከራከርም፤ እኔ ግን ያን ምሳሌ በሰማሁ ቁጥር በጣቴ ላይ የቀረው ቀይ መስመር ይታየኛል። ከተማሪዎችዎ መሐልም እንዲህ ያለ ነገር በቤቱ የሌለ ልጅ ይኖራል ብዬ አልገምትም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ቀላል ነው። ጥቅስ ስንል አብዛኛውን ጊዜ ተናጋሪው ወይም መጽሐፉ የሚታወቅ ቃል ማለታችን ሲሆን፣ የምሳሌያዊ አነጋገር ባለቤት ግን ሕዝቡ ነው። ሆኖም ብዕርን ከቀለም፣ እንጀራን ከወጥ ጠቀስ ማድረግም «መጥቀስ» ስለሚባል፣ ከየትኛውም ገበታ ቢጠቅሱ ነውር የለውም፤ ይቁጠሩላቸው።

ጠቀስ አድርጎ ማንሳት ግን አንድ አደጋ አለው፤ የተቀረው ይረሳል። በእናንተው በሰሜን ሸዋ፣ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩት የዓድዋ ክተት አዋጅ ሲጠቀስ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ» የሚለው ብቻ ነው። ቀጥሎ የመጣው «ጉልበት የሌለህ ለልጅህ፣ ለምሽትህ፣ ለሃይማኖትህ ስትል በሐዘን እርዳኝ» የሚለው ቃል ግን እኔን ከፊተኛው ይልቅ ይነካኛል፤ ምክንያቱም ጋሻ ማንሳት ያልቻለው ሽማግሌና በሽተኛ ከጦርነቱ ውጭ አልተደረገም፤ ሐዘኑ እንኳ እንደ እርዳታ ተቆጥሮለታል። ወረድ ሲልም «ወስልተህ የቀረህ ግን ኋላ ትጣላኛለህ» የሚል ብርቱ ቃል አለ። ርኅራኄውና ቁጣው በአንድ ትንፋሽ የተነገሩ ስለሆኑ አንዱን ቆርጦ ሌላውን መጣል ተናጋሪውን ሌላ ሰው ማድረግ ነው። አዋጁ በመጨረሻ የሸዋን ሰው ለይቶ እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲከት ያዛል። መሐል ሜዳ ለተቀመጠ ተማሪ ይህ ጥሪ የቀጠረው የገዛ ቅድመ አያቱን ሊሆን ይችላልና፣ ሙሉውን ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።

ከስልክ የተገለበጡትንም አይጣሉባቸው። ቃሉ በየትኛው መጽሐፍ ወይም ንግግር እንደሚገኝ እንዲፈልጉ ያድርጓቸው፤ ካጡት በታላቁ ሰው ስም ምትክ «ተናጋሪው ያልታወቀ» ብለው ይጻፉ። ያ ቃል ከልባቸው ገብቶ ከሆነ የታላቁ ሰው ስም ቢቀርለትም ይወዱታል።

ለሚቀጥለው ዙር አንድ ሳምንት ይስጧቸውና ከአያት፣ ከጎረቤት ወይም ከገበያ የሰሙትን አንድ ቃል ሳይቆርጡ ጽፈው፣ ከሥሩ የሰሙበትን ቦታና ያን ጊዜ ይሠሩት የነበረውን ሥራ በሁለት መስመር ያክሉበት። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ልጆች ቢናገሩ ይበቃል፤ የቀሩት በሚቀጥለው ሳምንት ይድረሳቸው።