ጥያቄና መልስ፦ "ወንዝ ከሶ ማን ይከፍልሻል?"

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የሕግ ተማሪ ነኝ ዘንድሮ እመረቃለሁ። የአካባቢ ሕግ ኮርስ ከወሰድኩ ወዲህ ልቤ እዛው ቀርቷል፣ የውሃ ሕግ ፕሮፌሰር መሆን ነው የምፈልገው። ቤተሰብ ግን "ጠበቃ ሁኚ፣ ወንዝ ከሶ ማን ይከፍልሻል?" ይሉኛል። ለመሆኑ እንደዚህ ያለ ፕሮፌሰር ከማስተማር ሌላ ምን ይሠራል? (ግራ የገባኝ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቤተሰቦችሽ ስለ ኑሮሽ ማሰባቸው ልክ ነው፣ ግን ወንዝም ይከሳል በያቸው። ኒውዚላንድ እኮ እ.ኤ.አ. በ2017 ዋንጋኑይ ለሚባለው ወንዝ በአዋጅ የሕግ ሰውነት ሰጥታዋለች፣ ማለትም እንደ ሰው በስሙ መክሰስ ይችላል፣ ስለ ወንዙ የሚናገሩ ወኪሎችም ተሹመውለታል።

ሥራውን እንድታዪው የአንድ ሰው ነገር ልንገርሽ። ስቲቨን ማካፍሪ የሚባሉ አሜሪካዊ የሕግ ፕሮፌሰር አሉ፣ ከማስተማሩ ጎን ለጎን በተመድ የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን ከ1985 እስከ 1991 የድንበር ተሻጋሪ ወንዞች ልዩ ራፖርተር ነበሩ፣ ማለትም አገሮች ወንዝ ሲጋሩ የሚመሩበትን ሕግ ያረቀቁ ሰው ናቸው። ወንዝ የሚጋሩ አገሮች አንዱ ሌላውን እንዳይጎዳ የሚለውን "ጉልህ ጉዳት አለማድረስ" የሚለውን ሐረግ ታውቂዋለሽ አይደል፣ እስቲ "ጉልህ" የምትለዋን ቃል አውጪና አንብቢው፣ ትንሿም ጉዳት ክልክል ትሆንና የላይኛው አገር እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ነው፣ እና እንዲህ ያለች አንዲት ቃል ላይ ነው ዓመታት የሚከራከሩት። ረቂቁ በግንቦት 1997 ስምምነት ሆኖ ጸደቀ፣ ሥራ ላይ የዋለው ግን ቬትናም 35ኛ ሆና ከገባች በኋላ በ2014 ነው፣ ስለዚህ ትዕግስት ከሌለሽ ይሄ ሙያ ይከብድሻል።

በዛው በ1997 ሃንጋሪና ስሎቫኪያ በዳኑብ ወንዝ ግድብ ጉዳይ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሲካሰሱ ማካፍሪ ለስሎቫኪያ ከቆሙት አንዱ ነበሩ። እኔ በጣም የምወደው ዳኞቹ ፋይል ብቻ ሳያገላብጡ ተነስተው ቦታው ድረስ ሄደው ግድቡንና ወንዙን በዓይናቸው ማየታቸውን ነው፣ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። መስከረም ላይ ፍርዱ ሲወጣ ደግሞ ያንን ገና አራት ወር የሆነውን ስምምነት ጠቀሱት!

ገቢውን በተመለከተ ቋሚው የዩኒቨርሲቲ ደሞዝ ነው፣ ስም ሲኖርሽ መንግሥታትና የተፋሰስ ድርጅቶች ለማማከር ይጠሩሻል። መንገዱ ረጅም ነው፣ ማስተርስ፣ ፒኤችዲ፣ ከዛ አርቲክል ማሳተም። ግን እባክሽ ሕግ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ፣ ከሃይድሮሎጂ (የውሃ ሳይንስ) ሰዎች ጋር ወንዝ ዳር ውረጂ፣ ቁጥር የተጻፈበትን የውሃ ከፍታ መለኪያ ራስሽ አንብቢ፣ የፍሰት ግራፍ ማንበብ የማይችል የውሃ ጠበቃ ሌላው ወገን ያመጣውን ቁጥር ዝም ብሎ ይቀበላል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ካልመረጥሽ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃን እይው፣ ኮሚሽኑ በ2008 አገሮች ስለሚጋሩት የከርሰ ምድር ውሃ 19 አንቀጽ አውጥቷል፣ እስካሁን ግን አስገዳጅ ስምምነት አልሆነም፣ ገና ብዙ የሚሠራበት ቦታ እዛ ነው ያለው።