ያቺን ኳስ ባልቀማው ኖሮ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ልጆቹን የማገኛቸው በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ከየቱ ልጀምር?» ወዲያው መመለስ አቃተኝ። አንድ ልጅ ትዝ አለኝ።

ያኔ እኔም ጊዜ አልነበረኝም። አሥራ ሁለት ልጆች፣ አንድ ሰዓት። ጨዋታ ደርሶብኝ ስለነበር ሰሌዳ ይዤ ቆምኩና አጨዋወት ማስረዳት ጀመርኩ። ቀስት በቀስት ላይ ሳልኩ። ከኋላ ዱብ፣ ዱብ ይላል። ልጁ የጫማው ክር ተፈቶ፣ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ፣ በግራ እጁ ኳስ ያነጥራል። ቀኝ እጁን ነበር የሚያዘወትረው። በግራው ማንጠርን እኔ አላስተማርኩትም፤ ለብቻው ነው የለመደው። «እኔ ስናገር ኳስ አይነጥርም!» ብዬ ቀማሁትና ብብቴ ስር ሸጎጥኳት። ልምምዱ እስኪያልቅ አልመለስኩለትም።

የጨዋታው ቀን ኳስ ደረሰችው። ተከላካዩ ተጠጋው። በግራው በኩል መንገዱ ክፍት ነበር። እሱ ግን ኳሷን ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ እኔ ዞረ። ቀስቱ ወዴት እንደነበር ሊጠይቀኝ ነው። ተጠግተውት ኳስ የያዘ ተጫዋች ለማንጠር፣ ለማቀበል ወይም ለመወርወር ያለው 5 ሰከንድ ብቻ ነው። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ልጁ ከሁለት ሳምንት በኋላ መምጣት አቆመ። ሄጄም አልጠየቅኩትም።

ስለዚህ በኳስ ጀምሩ። የሌይአፕ ሰልፍ፣ ተሰልፎ ተራ በተራ እየሮጡ ቅርጫቱ ስር ማስቆጠር፣ ይቅርባችሁ፤ አንዱ ሲሮጥ አሥራ አንዱ ቆመው ያያሉ። ሁለት ለሁለት፣ ሦስት ለሦስት አጫውቷቸው። ማንጠሩም፣ መቀባበሉም፣ መከላከሉም እዚያው ውስጥ አለ። ከ12 ዓመት በታች ከሆኑ ቅርጫቱ 2.60 ሜትር ላይ ይሁን፣ ኳሷም ትንሿ ቁጥር 5። በአዋቂዎቹ ቅርጫት፣ 3.05 ሜትር ላይ፣ ከወገባቸው እየወረወሩ ከለመዱ በኋላ ማረሙ መከራ ነው። ስለ ማሟሟቅ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

የዛሬ ወጣቶች ስልካችሁ በልምምድ ቪዲዮ ተሞልቷል። እኛ ያላገኘነው ነው፣ ደስ ይለኛል። ግን በየቀኑ አዲስ ነገር ታመጣላችሁ፤ ማስረዳቱ ብቻ አሥር ደቂቃ ይበላል። ሦስት አራት ዓይነት ልምምድ ይበቃል። የልምምዱን ስም ስትጠሩ ልጆቹ ራሳቸው ሮጠው ቦታቸውን ይያዙ።

ሰሌዳ ጨርሶ አትያዙ ልላችሁ ነበር። እኔ ግን እስካሁን እይዛለሁ። መጨረሻ ላይ ደክሟቸው ሲቀመጡ ሁለት ደቂቃ አሳያቸዋለሁ። ከኋላ አንዱ ኳስ ሲያነጥር ይሰማኛል። ዝም እለዋለሁ። የጫማው ክር ከተፈታ ብቻ፣ እሰር እለዋለሁ።